በቀን ስድስት ቤት

ሐርጌሳ ጦርነት ያፈረሰውን ጣራዋን መልሳ ትከድን በነበረበት ዘመን፣ የሕፃናትን ሳንባ የሚያጠቃ ቫይረስ የሚከላከል አዲስ ክትባት ሊሞከር መጣ። ከቀድሞው ይልቅ ጉዳቱ ያነሰ ነው ተባለ። ይህን የሚያረጋግጡት፣ ልጆቹ በተወጉ በሦስተኛው ቀን ቤት ለቤት እየዞሩ ቅጽ የሚሞሉ ሠራተኞች ነበሩ። ቅጹም እንደ ድሮ ጉባኤ በሙሉ ድምፅ ያጸድቃል፦ «ችግር የለም»፣ «ችግር የለም»፣ አሁንም «ችግር የለም»።

ከሠራተኞቹ መሃል «ትኩሳት አለ» ብላ ተቃውሞ ያስመዘገበች አንዲት ሴት ብቻ ናት። ዛምዛም ድሬዳዋ አድጋ፣ እዚያው ነርስነት ተምራ፣ ከጦርነቱ በኋላ የተመለሰች መበለት ናት። መሐመድ ሞጌ በሚባለው ሰፈር ሦስት ልጆቿን የምታሳድገው በዚህ ሥራ ነው፤ ኮንትራቷ ደግሞ በወሩ መጨረሻ ያልቃል።

አለቃዋ ፈጠነ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ከሰው ይልቅ ሰንጠረዥ የሚያምን ሰው ነው።

«ሲስተር፣ ሌሎቹ በቀን ሃያ ቤት ያዳርሳሉ። አንቺ ስድስት። ትኩሳቱም አንቺ የሄድሽበት ብቻ ነው ያለው። ኮንትራትሽ ይታደስ ብዬ ምን ይዤ ልጻፍ?»

«እነሱ ሰላምታው ሳያልቅ ነው የሚወጡት፣ አቶ ፈጠነ። እናት ‹ልጅሽ እንዴት ነው› ሲሏት ‹አልሐምዱሊላህ› ትላለች፤ ልጁ እየተንቀጠቀጠም ቢሆን። እሱ ለፈጣሪ ነው እንጂ ለእርስዎ ቅጽ አይደለም።»

አላመናትም። «ችግር የለም» ከተባለባቸው ቤቶች አንዱን ራሱ መርጦ፣ 26 ጁን ሰፈር፣ ሹክሪ የምትባል እናት ዘንድ ይዟት ሄደ። በሸመደዳት አንዲት የሶማሊኛ ዓረፍተ ነገር ስለ ልጁ ጠየቀ።

«አልሐምዱሊላህ» አለች ሹክሪ።

ጻፈና ተነሣ። ዛምዛም አልተነሣችም። ስለ አማቷ ጠየቀች፣ ስለ አዲሱ ቆርቆሮ ጠየቀች፣ ሻይ ተቀበለች። ሁለተኛው ብርጭቆ ሲጋመስ፣ «ትናንት እንቅልፍ አገኛችሁ?» አለች።

«ማን ይተኛል እህቴ፤ ገላው እሳት ሆኖ።» ሹክሪ የልጁን ልብስ ገለጠች። የተወጋው ጭኑ አብጦ ያብለጨልጫል።

«አሁን ደህና ነው ስትል አልነበረም እንዴ?» አለ ፈጠነ። ዛምዛም ተረጎመችላት።

«አመሰገንኩ እንጂ መች ደህና ነው አልኩ» አለች ሹክሪ፣ እንዲህ ያለ አላዋቂ አይታ የማታውቅ ይመስል።

ልጁን በፈጠነ መኪና ሐኪም ቤት አደረሱት፤ ዳነ። ቤቶቹ ሁሉ እንደገና ሲጠየቁ ከአምስት ልጅ አንዱ ታሞ ኖሯል። ሙከራው ቆመ። የዛምዛም ሥራም አብሮ ቆመ። ጎረቤቶቿ «ምላስሽ እንጀራሽን በላ» አሏት፤ እሷም ገበያ ወጥታ ቲማቲም ትሸጥ ጀመር።

በአምስተኛው ወር የክትባቱ መጠን ተቀንሶ ሙከራው ሊቀጥል ሲል፣ ፈጠነ መጥቶ ከቲማቲሟ ፊት ቆመ። አዲሱን ቅጽ ዘረጋላት። የመጀመሪያው ጥያቄ «ትናንት ሌሊት እንቅልፍ አገኛችሁ?» ይላል።

«በቀን ስንት ቤት?» አለች፣ ሳትቀበለው።

«ስድስት።»

ቲማቲሟን ትሰበስብ ጀመር።