የድድ ንቅሳት

ልጆቹ «እማማ፣ ድድሽ ለምን ጠቆረ? ንገሪን፣ እኛ እንጽፈዋለን» ስላሉኝ ነው የምነግራቸው እንጂ እኔማ ረስቼው ነበር። ያስታወሰችኝ ትንሿ የልጅ ልጄ ናት። ስንት ወር አልቅሳ፣ አየር ጤና ሄዳ ጥርሷ ላይ ሽቦ አሳሰረች። ይኸው በሳምንቱ መስታወቱን ትታ «አሁን ደግሞ ፀጉሬን» ትላለች።

እኔም በእሷ ዕድሜ የድድ ንቅሳት አማረኝ። የጎረቤታችን ልጅ አስካለ ተነቅሳ ስትስቅ፣ ጥርሷ ከጥቁሩ ድድ ሥር ቦግ ይል ነበር። ሁለት ቀን እህል አልቀምስም ብዬ እናቴን አስጨነቅኳት። በመጨረሻ ቀራንዮ ሰፈር አንዲት አሮጊት ነቃሽ ዘንድ ወሰደችኝ። የተነቀስኩበት የኩራዝ ጥላሸት ሽታና የደሜ ጨው ጨው ማለት ዛሬም አፌ ውስጥ አለ። አሮጊቷ ደሜን በጨርቅ እየጠረገች፣

«በይ ጠግበሽ ሳቂ። ስትጨርሺ የአንገት አማረኝ ብለሽ ትመጫለሽ፤ እኔ እዚሁ ነኝ» አለችኝ። እናቴ ሳቀች፤ እኔ ተናደድኩ።

እብጠቱ ሲጎድል ሦስት ቀን ላገኘሁት ሰው ሁሉ ሳቅኩ። በአራተኛው ቀን ውሃ ልቀዳ ተሰልፌ፣ አፌን መግጠሜን እንኳ አላወቅኩም። አልከፋኝም፣ ደስም አላለኝ። ከፊቴ የቆመችውን ሙሽራ የአንገት ንቅሳት እያየሁ ነበር።

ካረጀን በኋላ አንድ ለቅሶ ቤት ከአስካለ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠን የእሷን አይቼ መነቀሴን ባነሳላት፣

«እኔማ ድዴ እየደማ እህል አላስቀምስ ቢለኝ፣ ለመድኃኒት ብለው በግድ ይዘው ነው የነቀሱኝ። አንቺ በቀዩ ድድሽ ስትስቂ እንዴት እቀናብሽ ነበር መሰለሽ!» አለችኝ።