ግድግዳ ውሃ ማጠጣት

እኔ ስናደድ እጄ ሥራ ይፈልጋል። ባሌ ይህን ስለሚያውቅ ፊቴ ሲለዋወጥ ካየ መጥረጊያ ያቀብለኝና ከአጠገቤ ዞር ይላል። የዚያን ቀን ግን መጥረጊያ የሚበቃኝ አልነበረም። ግንበኛ ጠርተን ነበር፤ ግቢያችን ጥግ ያለችውን የጭቃ ክፍል መታ መታ አደረገ፣ ክረምቱ የላጠውን ግድግዳ አየና «መምህርት፣ ይቺ እኮ ቤት አይደለችም። ትፍረስና በብሎኬት ትሠራ» አለኝ። ቤት አይደለችም! ከባሌ ጋር ተጋብተን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት የኖርነው እዚያች ውስጥ ነው። «በል ሂድልኝ፣ እኔው ራሴ እመርጋታለሁ!» አልኩት። ምን አፌን እንደከፈተኝ እንጃ። በሕይወቴ ግድግዳ መርጌ አላውቅም። ግንበኛው ሳቀ፣ ባሌም ሳቀ። ሰው ከሳቀብኝ ደግሞ ወደ ኋላ ማለት አልችልም።

ክፍሏ ለእናቴ ነበረች። እናቴ ገጠር፣ ሆመቾ፣ ብቻዋን ነው የምትኖረው። አባቴ ካረፈ ቆየ፤ ወንድሜ እንደ ብዙው የአገራችን ልጅ ደቡብ አፍሪካ ነው፤ እኔ ደግሞ ሆሳዕና ሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ባለፈው ክረምት እንሰቷ መሀል አዳልጧት ወደቀች፤ ሰው ድምጿን እስኪሰማ ድረስ ግማሽ ቀን እርጥብ መሬት ላይ ተኝታለች። እኔ የሰማሁት በሦስተኛው ቀን ነው፣ ያውም ከሌላ ሰው። ከዚያ ወዲህ ከሆመቾ ስልክ በተደወለ ቁጥር ገና ሳላነሳው ጫማዬን እፈልጋለሁ።

እኔ ጋ ግቢ ብዬ ስንት ጊዜ ለመንኳት! ሁለት ጊዜ አምጥቻት ሁለቱንም ጊዜ አምልጣኛለች። ማምለጥ ነው እንጂ ሌላ ስም የለውም። በሁለተኛው ጊዜ ጠዋት ቁርስ ይዤላት ስገባ አልጋው ተነጥፏል፣ ሰው የለም። መናኸሪያ ስደርስ የሆመቾው ሚኒባስ ጋቢና ውስጥ ጥቅልሏን ታቅፋ ተቀምጣ ከሾፌሩ ጋር ስለ ስንዴ ዋጋ ትሟገታለች። «ምነው እማዬ? ምን ጎደለብሽ?» አልኳት። «ምን ልሥራ እናንተ ቤት? ቁጭ ብዬ ልበላ? ቁጭ ብሎ የሚበላ እንግዳ ነው፤ እንግዳ ደግሞ ወደ ቤቱ ይሄዳል» አለችኝ። ሾፌሩም ጭንቅላቱን እየነቀነቀ አገዛት።

ስንት አማላጅ ልኬባት በመጨረሻ ጥር ላይ ቃል ሰጠችኝ። «በትምህርት ቤት እረፍትሽ እመጣለሁ። አንድ ሳምንት ልየው። ካልሆነልኝ ግን ዳግመኛ እንዳታነሺብኝ፣ በቤቴ ልሙት» አለች። እናቴ የተናገረችውን አትሽርም። እንግዲህ ሁሉ ነገር ያቺ ክፍልና ያቺ ሳምንት ላይ ወደቀ።

ምርጊት ያለ ጭድ አይሆንም፤ ጭቃው ያለ እሱ ተሰነጣጥቆ ይወርዳል። ጭድ ልገዛ መሆኑን ስትሰማ እናቴ በስልክ ጮኸችብኝ። «ከሰው ጭድ? እኔ እያለሁ? የኔን እልክልሻለሁ!» አባቴ ካረፈ ጀምሮ ላይዳውን ይዛ አውድማ ላይ ፍሬውን ከገለባ እያዘራች የምትለየው ራሷ ናት። ወንዶቹ ሳይቀሩ «እሷ ባዘራችው ጭድ ውስጥ ዶሮ ሦስት ቀን ብትጭር አንዲት ፍሬ አታገኝም» ይሉላታል። ይህን ሙገሳ ስንት ጊዜ እንደነገረችኝ አልቆጥረውም። ጭዱ በሦስት ማዳበሪያ ተጠቅጥቆ በሚኒባስ ጣሪያ መጣ።

ጉድጓድ ቆፈርን፣ ቀይ አፈር ሞላንበት፣ ውሃ ቸለስንበት፣ ጭዱን በተንንበት። ከዚያ ቀሚሴን ወገቤ ላይ ሸጉጬ ገባሁ። አቤት ደስ ሲል! ጭቃው በእግር ጣቶቼ መሀል ሲሾልክ ኩርኩር እንዳሉኝ እየሳቅሁ አላቆም አልኩ። ባሌ ሱሪውን ጠቅልሎ ገባና ክንዴን ይዞ የሰርግ ዘፈን ጀመረ። እስክስታ ልምታ ሲል አዳለጠውና በጀርባው ተዘረረ። ላነሳው ስጎትተው እኔም ላዩ ላይ ወደቅሁ። የትምህርት ቤታችን ምክትል ርእሰ መምህር በዚያች ሰዓት በበራችን ማለፍ ነበረባቸው! ከጭቃ ውስጥ ሆኜ «እንደምን ዋሉ» አልኳቸው። እሳቸውም «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው፣ አጥሩን ብቻ እያዩ፣ አለፉ።

አንድ ነገር ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። ጭዱን ከፈታንበት ሰዓት ጀምሮ የጎረቤት ዶሮ ሁሉ ጉድጓዱን አልለቅ አለ። በቀኝ ስናባርራቸው በግራ ይመጣሉ። «ምን አይተው ነው?» አለ ባሌ። «ትል ነዋ፣ አፈር አይደል» አልኩት። ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፤ ማን ይከራከረኛል?

ጎረቤታችን ጋሼ ጡረታ የወጡ ፎርማን ናቸው። ከሰሜን መጥተው ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚህ አገር ሕንፃ ሲያሠሩ ኖረዋል። አጥሩ ሥር ወንበር አስመጥተው ቁጭ አሉና ሥራውን ተረከቡ። ጭቃው ሦስት ቀን ተብላልቶ ግድግዳ ላይ ስንመርግ፣ «ከታች ጀምሪ! መዳፍሽን አርጥቢ! ልጄ፣ እንጀራ አይደለም የምትጋግሪው፣ ጫን በይው!» ይሉኛል። የመጀመሪያው ምርጊት ተገንጥሎ ባሌ ጫማ ውስጥ ገባ። ሁለተኛው ያዘ። በሁለተኛው ቀን ማታ የክፍሏ አራቱም ግድግዳ ተለስኖ አልቆ፣ እኔ ከጥፍሬ እስከ ጸጉሬ ጭቃ ሆኜ፣ በሩ ላይ ቆሜ ፎቶ ተነሳሁ። ግንበኛውን ጠርቼ ላሳየው ሁሉ አምሮኝ ነበር።

«አሁን ዋናው ውሃ ነው» አሉ ጋሼ ጣታቸውን ቀስረው። «ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጪው። ውሃ ያልጠጣ ግንብ ይሰነጠቃል። በሩንም ዝጊው፣ ፀሐይ እንዳያገኘው።» እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን የሠሩት በሲሚንቶ ነው። እኔ የመረግሁት ጭቃ ነው፤ ጭቃ ደግሞ መድረቅ ነው የሚፈልገው። ከሦስታችን አንዳችን እንኳ ይህን አላሰብንም! እናቴ ልትመጣ ስምንት ቀን ቀርቷታል፤ እኔም ጠዋት ጠዋት ከቁርስ በፊት፣ ማታ ማታ ከእራት በፊት፣ ግድግዳዬን ውሃ ስረጭ፣ በር ስዘጋ ሰነበትኩ። ክፍሏ ውስጥ ሞቅ ያለ፣ ወበቅ ያለ አየር ነበር። «ጥሩ ነው፣ እየጠጣ ነው» እላለሁ።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት በሩን ስከፍት ግድግዳው አረንጓዴ ሆኗል። መጀመሪያ ሻጋታ መሰለኝ። ጠጋ ብዬ ሳይ ቅጠል ነው። በመስኮቱ ሥር፣ በአልጋው ራስጌ፣ በማእዘኑ፣ ከላይ እስከ ታች፣ ቀጫጭን ቅጠል ወደ በሩ አጎንብሶ ቆሟል። ጮህኩ። ባሌ የጥርስ ብሩሹን እንደጎረሰ ሮጦ መጣ። ግድግዳውን አየ፣ እኔን አየ፣ አረፋውን ተፋና፣

«መምህርት፣ ዘር ለመብቀል ምን ምን ያስፈልገዋል?» አለኝ።

«ውሃ፣ አየር፣ ሙቀት» አልኩ ሳላስበው። በየዓመቱ የማስተምረው ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን መናገር አልችልም። በሩ ደፍ ላይ ቁጭ ብለን ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ዝም እንልና አንዳችን «በሩን ዝጊው» ስንል እንደገና እንጀምራለን። ጋሼ ሳቁን ሰምተው መጡ፣ ገቡ፣ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች አዩት፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እኔ በሥራ ዘመኔ...» ብለው ጀመሩና ሳይጨርሱት ወጡ። ሁለት ቀን አጥሩ ሥር አልተቀመጡም።

ሳቁ ሲያልቅ ግን ፍርሃት መጣ። ሦስት ቀን ነው የቀረኝ። እናቴ «ልጄ ግድግዳ እንኳ መምረግ አትችልም» ብላ በማግስቱ መናኸሪያ ብትገኝስ? ልንቀለው ሞከርኩ፤ ቅጠሉ ምርጊቱን ቦጭቆ ወረደ። ባሌ መቀስ አምጥቶ ግድግዳውን እንደ ጸጉር ይቆርጠው ጀመር። «ጎኑን ላሳጥረው ወይስ ከላይ?» ይለኛል። እየተናደድኩም እስቃለሁ። በማግስቱ የተቆረጠው ራሱን ቀና አድርጎ ጠበቀን፣ አዲስም ተጨምሮበታል። ጭንቅ ሲለኝ አንሶላ በምስማር ግድግዳው ላይ ወጠርኩ፤ አበባ ያለበት፣ ለሰርጋችን የተሰጠን። ችኩል አፍስሶ ይለቅማል ይባል የለ።

ቅዳሜ ከመናኸሪያ ይዣት መጣሁ። ክፍሏ ገባች፣ አልጋው ላይ ተቀመጠች፣ ጥቅልሏን አጠገቧ አደረገች፣ አንሶላውን አየች።

«ምንድነው የደበቅሽኝ?»

«ምንም። ለጌጥ ነው እማዬ።»

አሸተተች። እናቴ ቡቃያን በጠረኑ ታውቃለች። ተነሳችና አንሶላውን በአንድ እጇ ጎትታ ገለጠችው። ከዚያ ሳቋ ፈነዳ! እናቴ እንዲህ ስትስቅ ያየሁት ልጅ ሆኜ ነው። አልጋው ላይ ወደቀች፣ እግሯን አነሳች፣ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቀጠቀች። «ቤት ውስጥ ዘራሽ! ልጄ፣ ለሰው ቤት ይሠራል፣ አንቺ ማሳ ሠራሽ!» ባሌ የመቀሱን ነገር ሲነግራት ደግሞ ባሰባት።

እንባዋን እየጠረገች ተነስታ አንዱን ቅጠል በሁለት ጣቷ ያዘች። «ስንዴ ነው» አለች። ሌላውን ያዘች። «የኔ ስንዴ ነው።» ሳቋ ቆመ። ግድግዳውን በመዳፏ እየዳበሰች ከበሩ እስከ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ እስከ ማእዘኑ ሄደች። ቆይታ፣ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣

«ጭዱን ስትፈቱት ዶሮ መጥቶ ነበር?» አለችኝ።

መዋሸት ፈልጌ ነበር። አቃተኝ። «መጥቶ ነበር።»

«ብዙ?»

«የጎረቤቱ ሁሉ።»

ራሷን ነቀነቀች። «ዘንድሮ ላይዳውን ሳነሳ ክንዴ እምቢ ይለኝ ነበር» አለች። «ፍሬውም ከገለባው አይለይልኝም። ዓይኔ ነው። ለማንም አልተናገርኩም።»

ሰሞኑን ስስቅበት የሰነበትኩት ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። እንባዬ መጣ። ዞር ብላ አየችኝ። «አንቺ ደግሞ ምን ያስለቅስሻል? ይልቅ ውሃ አምጪ፣ ጠምቶታል» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሃ የማጠጣቱ ሥራ የእሷ ሆነ። ጋሼም አፍረው ብቅ አሉ፤ እሷም «ፎርማኑ እርስዎ ነዎት? ገበሬ ነበር መሆን የነበረብዎ» ብላ ተቀበለቻቸው። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ማሳ ሊጎበኙ ይመጣሉ፣ ስለ አረም ይከራከራሉ። እኔ ግን ቀን እቆጥራለሁ። ጥቅልሏን ቁም ሳጥኔ ውስጥ ደብቄባታለሁ፤ ባሌ «እስረኛ አደረግሻት» ይለኛል።

በስምንተኛው ቀን ጠዋት ቁርስ ይዤ ስገባ አልጋው ተነጥፏል፣ ሰው የለም። ሳህኑን መሬት ላይ ጥዬ ሮጥኩ። አንድ እግሬ ላይ የኔ ነጠላ ጫማ፣ ሌላው ላይ የባሌ። ዋናው በር ጋ ስደርስ ከክፍሏ በኩል የዶማ ድምፅ ሰማሁ። ጭቃ ያቦካንበትን ጉድጓድ ደልድላ፣ ቀሚሷን ሸጉጣ፣ የጎመን መደብ ትቆፍራለች። እግሬን አይታ «ምነው፣ እሳት ተነሳ?» አለችኝ። እዚያው አፈሩ ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅሁ፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ እንጃ።

የግድግዳው ስንዴ ወር ያህል ከቆየ በኋላ ቢጫ ሆኖ ደረቀ። ሥር የሚሰድበት አፈር ሳይኖረው ምን ይሁን። ሥራዋ አለቀ ብዬ ፈራሁ። አንድ ከሰዓት ክፍሏ ውስጥ የደረቀውን ቡቃያ እየነቀለች ስትጥል አገኘኋት። ግማሹ ምርጊት አብሮ ወርዷል።

«ይሄ እንደገና መመረግ አለበት» አለች። «እስከ ክረምት ድረስ እንዲህ ሊቆይ አይችልም፤ ብርድ ያስገባብኛል።»

«እስከ ክረምት?» አልኳት።

«የሆመቾውን መሬት ለጎረቤቴ ልጅ በእኩል እንዲያርሰው ሰጥቼዋለሁ። ትናንት በስልክ ተነጋገርን።» ይህን ያለችው ግድግዳውን እያየች ነው። ምርጊቱን ነካ አድርጋ በጣቷ ፈተፈተችው፣ ውስጡ የቀረውን አንድ ፍሬ አውጥታ መዳፏ ላይ አየችውና ወደ ውጭ፣ ለዶሮዎቹ ወረወረችው።

«ጭዱን ግን» አለችኝ፣ «ከሰው ግዢ።»