የአባይ ዘምዘም አክሲዮንና የጅቡ ገንፎ

አባይ ዘምዘም አክሲዮን የሚገዙት ጅብ አማክረው ነው አሉ። አምስት ጣባ ገንፎ በቅቤ ያርሳሉ፤ ከእያንዳንዱ ጣባ ሥር የአንድ ኩባንያ ስም ያኖራሉ፤ ከሐረር ግንብ ውጭ ይደረድሩታል። ጅቡ ልሶ የጨረሰው ይገዛል፣ አሽትቶ የተወው ይቆያል፣ ጀርባ የሰጠው ይሸጣል። ወሬው በሸዋ በር ሲገባ ጅቡ አንድ ነበር። ፈረስ መጋላ ሻይ ቤታችን ሲደርስ ሦስት ሆነ። በኤረር በር ሲወጣ ጅቦቹ መነጽር አድርገው ጋዜጣ ያገላብጡ ነበር። ድሬ ጠያራ ገበሬዎቹ ዘንድ ሲደርስማ አባይ ዘምዘም የስኳር ፋብሪካውን ከነጭስ ማውጫው ጠቅልለው ገዝተው ጅቡን ሥራ አስኪያጅ አድርገውት ነበር።

እኔ ግን ተጠራጠርኩ። ጅቡን አይደለም፤ የሐረር ጅብ የማይችለው ነገር ስለመኖሩ ማስረጃ የለኝም። የተጠራጠርኩት ገንፎውን ነው። አባይ ዘምዘም ጨርቅ ሲለኩ ክንዳቸው የአንድ ጣት ስፋት የማይስት፣ ለሚዜ እንኳ ምራቂ የማይሰጡ ሴት ናቸው። አምስት ጣባ ገንፎ፣ ያውም በቅቤ፣ ያውም ለማያውቁት ጅብ? ይህን የሚያምን ሰው ከሳቸው ጨርቅ ገዝቶ አያውቅም።

አባይ በጁገል፣ በግንብ በታጠረችው አሮጌ ሐረር፣ ለታላቅ ሴት የሚሰጥ ክብር ነው። አባይ ዘምዘም አቦከር ሰፈር ተወልደው፣ አቦከር ተድረው፣ ባላቸውንም ከዚያው ሸኝተው፣ መጋላ ገበያ ላይ ጨርቅ ሲሸጡ ሠላሳ ዓመት ሆኗቸዋል። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የሚመኙት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሐጅ። ጉልበታቸው ደግሞ ከዓመት ወደ ዓመት ደረጃ ላይ መጮህ ጀምሯል። «ጉልበቴ እምቢ ሳይለኝ» ይላሉ፤ «ገንዘቡም ንጹሕ መሆን አለበት። በቆሸሸ ገንዘብ መካ የሄደ ሰው አውሮፕላን አየ እንጂ ሐጅ አላደረገም።»

ችግሩ ንጹሕ ገንዘብ ማሳደጊያ ማግኘቱ ነበር። የባንክ ወለድ ሪባ ነው፣ ሃይማኖታቸው ይከለክላል፣ አይነኩትም። ትራስ ሥር ያስቀመጡት ደግሞ ዘመድ ሲያገባ ዘመድ ሲታመም ያልቃል። መፍትሔው የመጣው በ1957 ዓ.ም. በጨርቅ መጠቅለያ ነው። መምህር ሥራዬ ከሸዋ ተመድቦ የመጣ፣ ከግንቡ ውጭ የሚኖር የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው። ለሚስቱ የቀሚስ ጨርቅ ሊገዛ መጥቶ የሚጠቀለልበትን አሮጌ ጋዜጣ ቆሞ ማንበብ ጀመረ።

«መምህር፣ ጨርቁን ነው ወይስ ጋዜጣውን ነው የሚገዙት?»

«የአክሲዮን ዋጋ ወጥቶበት ነው፣ አባይ። የፋብሪካ ቁራሽ ይሸጣል። የገዛው ሰው ፋብሪካው ሲያተርፍ ይካፈላል።»

«ሲከስርስ?»

«አብሮ ይከስራል።»

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ አባይ ዘምዘም።

ሥራዬ ኪሳራ ሰምቶ አልሐምዱሊላህ ያለ ነጋዴ ሲያይ የመጀመሪያው ነበር። እሳቸው ግን አስረዱት፤ ትርፍም ኪሳራም ካለበት ንግድ ነው፣ ንግድ ደግሞ ሐላል ነው። እሳቸው የሚፈሩት ተጋድሞ የሚወልድ ገንዘብ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራዬ ደብዳቤውን ይጽፋል፣ ሐዋላውን አዲስ አበባ ይልካል፣ ወረቀቱ በፖስታ ይመጣል። ነገሩ ተላላፊ ስለሆነ ራሱም ከሥጋ ማሸጊያ ፋብሪካ ጥቂት ገዛ።

አባይ ዘምዘም ታዲያ ኩባንያ ሲመርጡ እንደ አማች ነው የሚመረምሩት። ቆላ ስኳርን ከመግዛታቸው በፊት አንድ ኪሎውን በሻይ አሟሙተው ብርጭቆው ሥር አተላ ይፈልጉ ጀመር፤ ሦስት ቀን እንቅልፍ አጥተው ከረሙ። የብርሃን ጥጥን ጣቃ ክሩን መዘው አቃጠሉ፣ አሸተቱ፣ ሰባት ጊዜ አጠቡት። በነጭ ጋራ ሲሚንቶ አንድ ደረጃ አስለስነው፣ በዘነዘና እየደበደቡ ጎረቤት አሳበዱ። ደረጃው እስካሁን አለ፤ የተሰበረው ዘነዘናው ነው። የነጭ ምንጭ ፋብሪካን ለስላሳ መጠጥ፣ አራንቻታውን ደግሞ ሱቃቸው በር ላይ ቆመው ሦስት ጠርሙስ አከታትለው ጠጡ፤ ስቅታው ካለፈ በኋላ «ይገዛ» አሉ። አምስተኛው የአፎቻቸው የጋራ ድርሻ ነው። አፎቻ ለሠርግና ለቀብር የሚረዳዱ ሴቶች ማኅበር ነው፤ እነዚህኞቹ ባዋጡት ከአውቶቡስ፣ ከጨውና ከሳሙና ኩባንያዎች ትንሽ ትንሽ በጋራ ገዝተዋል። «አንዱ ቢሞት ሌላው ይቀብረዋል» ይላሉ ስለ ኩባንያዎቹ።

ለምን አምስት? የጁገል ቤት ውስጥ ገብቶ ለሚያውቅ ግልጽ ነው። ሳሎኑ ከፍና ዝቅ ያሉ፣ ነደባ የሚባሉ አምስት መቀመጫ መደቦች አሉት፤ ማን የቱ ላይ እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው። ማንም እንግዳ፣ የቱንም ያህል ቢከበር፣ የሁለት ሰው ቦታ አይዝም። በየዓመቱ ረመዳን ሊገባ ሲል ሰፌዱና ሞሰቡ ከግድግዳ ይወርዳል፣ ቤቱ ኖራ ይቀባል፣ ወለሉ በቀይ አፈር ይለቀለቃል። አባይ ዘምዘም ያን ቀን የአክሲዮን ወረቀቶቻቸውንም ያወርዱና ለእያንዳንዱ ኩባንያ አንድ ነደባ ይሰጡታል። ከመቀመጫው የተረፈውን ይሸጣሉ፣ መቀመጫው የሳሳበትን ይሞላሉ።

በ1961 ጥቅምት መጨረሻ ላይ እንዲህ ወረቀት ደርድረው ሳሉ የባላቸው ታናሽ ወንድም ሙሳ ገባ። ሙሳ ባለ ጋሪ ነው፤ ከተማው ሁሉ ያበደበት የስኳር አክሲዮን እሱንም አሳብዶታል።

«ተነሣ! ሲሚንቶው ላይ ተቀምጠሃል» አሉት።

«ሲሚንቶ ምን ያደርጋል፣ አባይ? ስኳሩ በዓመት እጥፍ ሆነ እኮ! ሁሉንም ሸጠው ስኳር ቢገዙ ዘንድሮውኑ ሐጅ ይሄዳሉ።»

«ስኳሩን አየሁት። ወፍሮ የጥጡን ቦታ ይዟል። እሱን ነው የምሸጠው።»

«የሚያተርፈውን ሸጠው? ወተት የምትሰጠውን ላም አርደው?»

«ላሚቱ ሳሎኔ ውስጥ ተኝታ እግሬን ማሳረፊያ አሳጥታኛለች ነው የምልህ።»

ሙሳ በአላህ ስም ለመናቸው። እሳቸው ከስኳሩ ትርፉን ሸጠው፣ ዋጋው ዝቅ ብሎ ነደባው ሳስቶ የነበረውን ነጭ ምንጭን ጨመሩ። ሒሳቡ ሲታይ ዋናው ሳይነካ ትርፉ ለዘንድሮው ሐጅ ልክ በልክ ይበቃ ነበር። ሙሳ ግን ጋሪውን ሸጦ ስኳር ሊገዛ ፈልጎ፣ ሚስቱ በበሩ መሐል ተኝታ ስለከለከለችው የሽልማት ሰዓቱን ብቻ ሸጠ።

ከዚያ ገና መጣ። የነጭ ምንጭ ፋብሪካ ለባለ አክሲዮኖቹ የበዓል ስጦታ ላከ፤ ከአውቶቡስ ጣቢያ ያመጣው ሙሳ ራሱ ነው። የአፎቻው ሴቶች በሙሉ ቁጭ ብለዋል። ሁለት ሳጥን ገባ። ጎረቤታቸው ሐሊማ፣ ያልታየውን ቀድማ የምታየው፣ ከሁለተኛው ሳጥን አንድ ቡናማ ጠርሙስ አንሥታ ከፈተች። አረፋው ዘሎ ፊቷን አጠባት።

«እሜ! ይሄ አራንቻታ ምን ሆኖ ነው የተቆጣው?»

ሙሳ ጠርሙሱን ተቀብሎ አነበበ። ፊቱ ልክ በኖራ እንደተቀባ ግድግዳ ሆነ። «ቢራ ነው» አለ።

የአፎቻው ሴቶች በሙሉ ከሳጥኑ ሸሹ፤ ስጦታ የሸሸ አፎቻ በሐረር ታሪክ የመጀመሪያው ይመስለኛል። አባይ ዘምዘም ሥራዬን አስጠሩት። ሮጦ መጣ።

«ፋብሪካው ቢራ መጥመቅ ከጀመረ ሁለት ዓመቱ ነው፣ አባይ» አለ እያንሾካሾከ።

ጁገል ውስጥ የሚገባው አራንቻታው ብቻ ነበርና እሳቸው ከየት ይዩት? ቢራው ከግንቡ ውጭ ነው የሚጠጣው።

«አንተ ታውቅ ነበር?» እስከዚያች ቀን እርስዎ ይሉት ነበር።

«እርስዎን በሚያህሉ እናት ፊት የቢራ ወሬ ማንሣት ነውር መስሎኝ…»

«ነውር! እዩት እንግዲህ! ነውር ፈርቶ ሐጄን በቢራ ሊያጥብልኝ!»

ሼኽ ዐብዱሰላም ዘንድ ሄዱ። ሼኹ አዳመጡ፣ ጢማቸውን አሹ፣ ፈረዱ። «ሳታውቂ ነው፣ አላህ ይቅር ባይ ነው። የገዛሽበትን ዋጋ ውሰጂ። ያተረፈልሽን ሁሉ ለድሀ ስጪ። ዛሬውኑም ከዚያ ነገር ውጪ።»

ግን ለማን ይሸጥ? ሐረር ውስጥ የቢራ አክሲዮን ይግዙኝ እያሉ ሱቅ ለሱቅ አይዞርም። ያኔ ሥራዬ ጉሮሮውን ጠረገ። እሱ ቤትም ስጦታ ደርሶ ነበር። የሥጋ ፋብሪካው ሃያ አራት ቆርቆሮ ልኮለታል፤ ሥጋው ግን ለዐረብ አገር ገበያ የሚታሸግ፣ ሙስሊም ያረደው ነው። የሥራዬ ሚስት፣ የንስሐ አባቷን የምትፈራ፣ ቆርቆሮዎቹን ለአንድ ሳምንት ደጅ አስቀምጣ ባሏንም አብራ ደጅ ልታስቀምጠው ምንም አልቀራት።

«እንግዲያው እኔ የማልበላውን እርስዎ ይበላሉ» አለ ሥራዬ።

«አንተም እኔ የማልጠጣውን ትጠጣለህ» አሉ አባይ ዘምዘም፤ ወደ እርስዎ ማለቱ ገና አልተመለሱም።

እዚያው ተዋዋሉ። አክሲዮን ለአክሲዮን፣ ስጦታ ለስጦታ። የቢራው ወረቀት እሳቸው በገዙበት ዋጋ ታሰበ እንጂ በወቅቱ ዋጋ አልታሰበም፤ ሥራዬ ልዩነቱን በጥሬ ቆጥሮ ለሼኹ አስረከበ፣ ለድሆች ተበተነ። ቢራውን ራሱ ተሸክሞ በጠራራ ፀሐይ ከጁገል ሲወጣ ያየው ሕዝብ ለዐዋጅ ከሚሰበሰበው ይበልጥ ነበር።

አሁን ገንዘቡ ነጻ። ግን ጎደለ። አባይ ዘምዘም ደጋግመው አሰቡት፤ ለመሄጃው ይበቃል፣ ለመመለሻው አይበቃም።

«እዚያው ይቅሩ» አለ ሙሳ፤ «ለጀነት ይቀርባል።» ከዚያ ቀልዱን ትቶ አጠገባቸው ተቀመጠ። «አባይ፣ ምዝገባው ሊዘጋ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው። ሁሉንም ስኳር ላይ ያድርጉት። አንዴ ብቻ።»

ያን ቀን አባይ ዘምዘም ሱቅ አልከፈቱም። የጥጡን፣ የሲሚንቶውን፣ የአዲሱን ሥጋ ወረቀት ጭናቸው ላይ አድርገው እስከ ዐስር ሰላት ተቀመጡ። ሦስት ሳምንት ነው፤ ስኳሩ ቢጨምር መካ፣ ቢወድቅ ሁሉም የለ። ቢጠብቁ ደግሞ ጉልበቱ አለ፤ ደረጃው ላይ የሚጮኸው ጉልበት፣ ለከርሞ ቀጠሮ የማይሰጠው። ጥሪው ሲሰማ ተነሡ፣ ወረቀቶቹን ወደየነደባቸው መለሱ። «ዘንድሮ ካልተጻፈልኝ ስኳር አይጽፍልኝም» አሉ። ድምፃቸው ግን ያን ያህል የጸና አልነበረም ይላል ሙሳ።

ከቆርቆሮዎቹ አንዱ በዚያው ሰሞን ተነፋ። ከግንቡ ውጭ አስጣሉት፤ ጅብ ይዞት ሄደ፤ ሐሊማ አየች። በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ የሥጋ ፋብሪካው አክሲዮን ተወነጨፈ። ለካ ለሐጅ ሰሞን ጅዳ የመርከብ ሙሉ ቆርቆሮ ልኮ ኖሯል። ሥጋው ከአባይ ዘምዘም ቀድሞ ሐጅ ሄደ። እሳቸው ከነደባው ያለፈውን ያህል ብቻ፣ አንድ ወረቀት ሳይጨምሩ፣ በቴሌግራም አስሸጡ። የመመለሻው ሞላ፣ ትንሽም ለዘምዘም ውኃ መያዣ ተረፈ። ስኳሩ ዛሬም ባለበት ነው፤ ሙሳ ሰዓት ሲጠይቁት ፀሐይ ያያል።

ሊሄዱ አምስት ቀን ሲቀራቸው ሱቃቸው ሄድኩ። ሰው ተሰብስቦ ይመርቃል፣ «ዱዓ ያድርጉልን» ይላል። ያጠናቀርኩትን ሁሉ በልቤ ይዤ፣ የተጣለውን ቆርቆሮ ለጅቡ ወሬ ጥሩ ማብራሪያ አድርጌ፣ ጠጋ አልኩ።

«አባይ፣ የጅቡስ ነገር? መቼም ጭስ ያለ እሳት…»

ሜትራቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ውሸት ነው። ገንፎው ውሸት፣ ጣባው ውሸት፣ ጅቡም ውሸት። ለጅብ አንድ ማንኪያ ገንፎ ሰጥቼ አላውቅም። ቆርቆሮውን የወሰደው የሐሊማ ውሻ ነው፤ እሷም ታውቃለች። ጨርቅ የምትገዛ ከሆነ ግዛ፤ ካልሆነ ብርሃኔን አትከልክለኝ።»