ለቁርቁራዋ ድጋፍ

ሊወስዱኝ የመጡት ዓረብ አገር፣ ጁሜይራ፣ አሠሪዬ ማዳም ደጃፍ ላይ መኪና እያጠብኩ ሳለሁ ነው። ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ነበሩ፤ አንዳቸውም የደንብ ልብስ አልለበሱም። ስሜን ከስልክ ላይ ሲያነቡት በጣም ስላጣመሙት መጀመሪያ የእኔ ስም አልመሰለኝም። እጄን በቀሚሴ ጠራርጌ ተከተልኳቸው። የውኃውን ቱቦ እንዳልዘጋሁት ትዝ ያለኝ መንገድ ከጀመርን በኋላ ነው።

ለምን እንደመጡ ግን አውቄያለሁ። ከአሥር ቀን በፊት፣ በእረፍት ቀናችን፣ ሠላሳ የምንሆን ሴቶች ዓጅማን ባሕር ዳር ተሰብስበን ነበር። አገር ቤት በጦርነቱ ሰው የሞተብን ነን። ቀብር አልደረስንም፤ ድንኳን ጥለን አልተቀመጥንም። ስለዚህ ፎቷቸውን ይዘን፣ ጥቁር ሻሽ አስረን፣ አሸዋው ላይ ቆመን አለቀስን። እኔ የታናሽ ወንድሜን ፎቶ ይዤ ነበር። ሴቶቹንም አንድ በአንድ ደውዬ የጠራኋቸው እኔ ነኝ። አንዷ ለቅሶውን በስልኳ ቀርጻ ለቀቀችው። ከዚያ በኋላ ስሙ ሰልፍ ሆነ።

እስር ቤቱ የት እንደሆነ አልናገርም። ክፍሉ መስኮት የለውም፤ ተደራራቢ አልጋዎች፣ የበረኪና ሽታ፣ ቀንም ሌትም የማይጠፋ ኤሲ። በብርዱ ጥርሴ እየተንገጫገጨ በሩ ላይ ቆሜ ሳለሁ ከታችኛው አልጋ አንዲት ሴት ብርድ ልብሷን ገለጥ አድርጋ፣

«አንቺንም አመጡሽ? ነይ፣ እግርሽን እዚህ አግቢ» አለችኝ።

ባሕር ዳር አይቻታለሁ። ሻርጃ ውስጥ የአንድ ትልቅ ቤት ምግብ አብሳይ ነበረች፤ የቆቦ ሰው፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋት። ሁላችንም እትዬ ነበር የምንላት። ከስደት በፊት ዘጠኝ ዓመት የመንግሥት ችግኝ ጣቢያ ውስጥ በቀን ሠራተኛነት ሠርታለች። አገር ቤት ያለች ልጇ የመውለጃዋ ቀን ደርሶ ነበርና የምታስበው እሱን ብቻ ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ሐሙስ፣ ስልክ ይሰጡን ነበር። እትዬ ሐሙስን በጣቷ ትቆጥራለች።

ጠዋት ጠዋት ለግማሽ ሰዓት ወደ ግቢ ያወጡናል። ግቢው ሲሚንቶ ነው። አንድ ጥግ ላይ ብቻ ሲሚንቶው ተሰንጥቆ፣ ከኤሲው በሚንጠባጠበው ውኃ አፈሩ ርሶ፣ ወገቤ ላይ የምትደርስ አንዲት ዛፍ በቅላለች። እትዬ መጀመሪያ ያየቻት ቀን ቁጢጥ ብላ ቅጠሏን ዳሰሰችው።

«ቁርቁራ ናት እኮ! አንቺን ደግሞ ማን አመጣሽ?» አለቻት።

ዛፏ ግን ጎብጣለች። የኤሲው ሞተር ሙቅ አየሩን የሚተፋው በቀጥታ እሷ ላይ ነው፤ ጫፏ ሲሚንቶውን ሊነካ ምንም አልቀረውም።

«ግንዷ ገና ለስላሳ ነው» አለች እትዬ። «አሁን ካልተደገፈች እንደጎበጠች ትደርቃለች። ያኔ ቢያቃኗት ትሰበራለች እንጂ አትቀናም።»

በዚያው ሰሞን ክፍላችንን ስንወለውል የመወልወያው እጀታ ተሰበረ። እትዬ ግማሹን መልሳ ሌላውን ግማሽ ፍራሿ ሥር ከተተችው። ዱላ ይዞ መገኘት ምን እንደሚያስከትል ሁላችንም እናውቃለን።

«እትዬ፣ ሙሽኪላ ያመጣብናል» አልኳት።

«ሰው ልመታበት አይደለም።»

አንድ ማክሰኞ እንጨቱን በቀሚሷ ውስጥ ይዛው ወጣች። ጠባቂዋ በሩ ጋ ስልኳን ታያለች። እትዬ እንጨቱን ነፋሱ በሚመጣበት በኩል፣ ከግንዱ አንድ ስንዝር ራቅ አድርጋ ተከለችው። አፈሩ እርጥብ ስለሆነ በክብደታችን ስንጫነው ገባ። ከዚያ ማሰሪያ ጠፋ። እትዬ ጥቁሩን ሻሼን አየች። ለወንድሜ ሐዘን ያሰርኩት ነው፤ ፈትቼ ጠርዙን በጥርሴ ቀደድኩላት።

«አንቺ እሰሪያት» አለችኝ። «አታጥብቂ፤ ስትወፍር ያንቃታል። ጨርቁን በመሀል ጠምዝዢው፣ እንጨቱ ግንዷን እንዳይፍቃት። እንዲህ። በአንዴ ደግሞ አታቅኛት፣ ሥሯ ይበጠሳል። ዛሬ ትንሽ፣ የዛሬ ሳምንት ትንሽ።»

«የዛሬ ሳምንት እዚህ እንኖራለን?»

«እኛ ባንኖር ሌላ ሰው አያጡም።»

ሳቅን። ጠባቂዋን የጠራት ሳቃችን ሳይሆን አይቀርም። መጥታ እንጨቱን አየችው። ወጣት ናት፤ ከእኔ አትበልጥም። የማን እንደሆነ በዓረብኛ ጠየቀች። ሁለቱም እጆቼ እንጨቱ ላይ ነበሩ።

«የእኔ ነው» አለች እትዬ።

ጠባቂዋ ወደ እኔ ዞራ፣ «አንቺስ ታውቂ ነበር?» አለችኝ።

«ላ» አልኩ። አላውቅም ማለቴ ነው።

እትዬ አልገረማትም። ነጠላ ጫማዋን ካደረገች በኋላ ተከትላት ሄደች። ለብቻዋ የሚያስቀምጧት ክፍል ውስጥ እንደከተቷትና የሐሙሱን ስልክ እንደከለከሏት የሰማሁት ከሰዓት በኋላ ነው። እንጨቱን ግን አልነቀሉትም። ማንም ትዝ አላለው ይሆናል።

ያንኑ ቀን እኔንም ለምርመራ ጠሩኝ። መኮንኑ ትሑት ሰው ነበር፤ ሻይ በወረቀት ኩባያ አስመጣልኝ። አጠገቡ የተቀመጠው አስተርጓሚ የአገሬ ሰው ነው። ወረቀቱን አነበበልኝ፦ ዓጅማን ላይ የተደረገው ፖለቲካዊ ሰልፍ ነው፤ ያዘጋጀችውም የሻርጃዋ ምግብ አብሳይ ናት።

«ሰልፍ አይደለም። ለቅሶ ነው» አልኩ።

«እህቴ፣ ለእነሱ አንድ ነው» አለኝ አስተርጓሚው። «ፈርሚና ማዳምሽ ትውሰድሽ። ሴትዮዋ እንደሆነ ፈረምሽም አልፈረምሽም መሄጃዋ አገር ቤት ነው።»

ጠዋት ያልኳት «ላ» አፌ ውስጥ ነበረች። ብዕሩን አነሳሁ። በፊርማው ቦታ ላይ በአማርኛ፣ በደንብ በሚነበብ ፊደል፣ «ለቅሶ ነበር። የጠራሁት እኔ ነኝ» ብዬ ጻፍኩ።

አስተርጓሚው አነበበው። ከዚያ እኔን አየኝ። ወረቀቱን ወደ መኮንኑ ገፋ አድርጎ በዓረብኛ፣ «ፈርማለች» አለው።

አፌን ከፈትኩ። «ኸላስ» አለኝ መኮንኑ ፈገግ ብሎ፣ በቃ ማለቱ ነው፤ ጠባቂዋ ክንዴን ያዘች። አስተርጓሚው አዝኖልኝ ይሁን ወይስ ሥራውን ቶሎ ጨርሶ ሊሄድ ፈልጎ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

በሦስተኛው ቀን ጠባቂዋ መጥታ የእትዬን ብርድ ልብስ አጠፈች። አውሮፕላን እንዳሳፈሯት በዚያ አወቅሁ። ማዳም ከጉዞ እስክትመለስ እኔ ስምንት ቀን ቆየሁ።

የወጣሁት በግቢው በኩል ነው። ዛፏ ጋ ስደርስ ቆምኩ። ቁጢጥ ብዬ የሻሹን ቁራጭ ፈታሁ፣ ግንዷን ሁለት ጣት ያህል ወደ እንጨቱ አቀረብኩና መልሼ ላላ አድርጌ አሰርኩት። «ያላ! ያላ!» ትለኛለች ጠባቂዋ። አልተጣደፍኩም። ጨርቁን በመሀል ጠምዝዤ፣ ቋጠሮውን አይቼ፣ አፈሩን በመዳፌ ጠቅጥቄ ተነሳሁ።

ማዳም በመኪና ወሰደችኝ። ቤት ስንደርስ የሚተኮሰው ልብስ አልጋዬ ላይ ተከምሮ ጠበቀኝ። ተኮስኩት።

እትዬ ከወራት በኋላ ቁጥሬን ከሰው አግኝታ ደወለች። ልጇ ሴት ወልዳለች። ልጅቷ ከተወለደች በኋላ ነበር አያቷ አገር የገባችው። ይህን ሁሉ ነገረችኝ።

«ፈርማብሻለች ብለውኝ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ውሸታቸውን ነው፣ አይደል?»

«ውሸታቸውን ነው፣ እትዬ።»

«ብያለሁ እኮ!» አለች።

የጻፍኩትን ልነግራት ነበር። ግን ስለ እንጨቱ ሳልናገር ስለ ወረቀቱ ብቻ ማውራት ራሴን ማሞገስ መሰለኝ። ስለ እንጨቱ ደግሞ እሷ አላነሳችም።

አሁንም እዚያው ቤት ነኝ። ባሕር ዳር አብረውኝ ከቆሙት ሴቶች ብዙዎቹ መንገድ ላይ ሲያዩኝ ይሻገራሉ፤ ፈርማ ወጣች ይሉኛል አሉ። አልፈርድባቸውም። የሆነ መሥሪያ ቤት፣ የሆነ መደርደሪያ ላይ፣ በእጄ የተጻፈ አንድ መስመር አማርኛ አለ። እስካሁን ያነበበው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ፊርማ ነው ብሏል።