የተቆረጡት ሁለት ቃላት

ጆሮ ነው የሚሉት። ትክክለኛ ስሙን የሚያውቁት እህቱና መታወቂያ ወረቀቱ ብቻ ናቸው። ዕድሜው ሃምሳ ሁለት፣ ሥራው ድምፅ መቅረጽ፣ የሥራ ቦታው ደግሞ ከጎማ ጥገና ቤት ጀርባ ያለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ናት። በአንደኛው ክፍል ዘፋኝ ይቆማል፣ በሌላኛው እሱ ይቀመጣል፣ በመሃል ድርብ መስተዋት አለ። ግድግዳው ላይ የእንቁላል ካርቶን ተለጥፏል፣ በሩ ላይ አሮጌ ፍራሽ ተቸንክሯል። እንዲያም ሆኖ ጎማ ጠጋኙ የንፋስ ሞተሩን ባስነሳ ቁጥር ዘፈን ይቆማል። ስንቱ የፍቅር ዘፈን በጎማ ምክንያት ሁለቴ እንደተዘፈነ ብትሰሙ ትስቁ ነበር።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ግን ሞተሩ ዝም ብሏል። በመስተዋቱ ማዶ ሄድፎን አድርጋ የቆመችው ታናሽ እህቱ ናት። አርባ ልትሞላ ሁለት ዓመት ቀርቷት እንኳን ሚጣ ነው የሚላት። ከጆሮ ጀርባ ያለው ሶፋ ላይ ደግሞ የአልበሟ አሳታሚ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። ይህ ሰው ስድስት ወር ሙሉ በየሳምንቱ እየመጣ «አይደለም፣ አሁንም አይደለም» ሲል የከረመ ነው።

ሚጣ የመጀመሪያውን ስንኝ ስትጀምር የአሳታሚው እግር ወረደ። ሁለተኛው ላይ ሰውየው ብድግ አለ። ጆሮም ፀጉሩ ቆመ፣ ምን ይደበቃል! ያ ድምፅ ተመልሷል። ከሦስት ዓመት በፊት ታክሲውን፣ ፀጉር ቤቱን፣ ወጥ ቤቱን ሁሉ ያስለቀሰው፣ አንጀት የሚበላው ድምፅ። ጆሮ ለአንድ ደቂቃ ያህል ደስ አለው። ለዚህ ደስታው ኋላ ላይ ራሱን ይቅር ሊል አልቻለም።

ከዚያ ትንፋሿን ሰማ።

ጆሮ ሁለት ሕግ አለው። ሌሎች ድምፅ ቀራጮች በስንኝና በስንኝ መካከል ያለውን ትንፋሽ ቆርጠው ይጥላሉ፣ ያፀዱት ይመስላቸዋል። እሱ አይነካውም። «ትንፋሹን ካወጣህበት ምኑን ሰው ሆነ?» እያለ ከስንቱ ጋር ተጣልቷል። ሁለተኛው ሕጉ ደግሞ ዘፋኙ በሩን ከረገጠበት ደቂቃ እስኪወጣ ድረስ መቅዳት ነው። ሰው የሚቀዳ በማይመስለው ሰዓት ይበልጥ ያምርበታል ብሎ ያምናል። የቀዳውንም አያጠፋም። ሳሉ፣ ሐሜቱ፣ «ውሃ አቀብሉኝ» የሚለው ሁሉ ከነቀኑ ከነሰዓቱ ኮምፒውተሩ ውስጥ ተከማችቷል። ቆሻሻ ሰብሳቢ ነህ ይሉታል፣ ይስቃል።

እንግዲህ ይህ ሰው የእህቱን ትንፋሽ እንዴት ይስታል? ሚጣ ደህና ስትሆን ትንፋሿ አጭር ነው፣ ዕቃ ረስታ ወደ ቤት የምትሮጥ ይመስል። ስትታመም ግን አስቀድማ ምራቋን ትውጣለች፣ ከዚያ ደረጃ እንደምትወጣ ሴት ቀስ ብላ አየሩን ወደ ላይ ትስበዋለች። አሁን በጆሮው የመጣው ይኸው ነው። መዋጥ፣ ከዚያ መሳብ። ጆሮ ክው አለ።

«አንድም ነገር እንዳትነካ!» አለ አሳታሚው ትከሻውን ጨምድዶ። «ዛሬ ሁለት ዘፈን እንጨርሳለን። ስሜቱ መጥቶላታል፣ ይሄው መጣላት!»

የጆሮ እጅ መቆጣጠሪያው ላይ ነው።

ነገሩ እንዲገባችሁ ወደ ኋላ ልመለስ። ከሦስት ዓመት በፊት ሚጣ ታማ ነበር። የሚታይ ቁስል፣ የሚለካ ትኩሳት የላትም። ሐኪሞቹ ድባቴ አሉት፣ ጎረቤት ግን «ምን ጎደላትና?» አለ። ወይ ጎረቤት! ምንም አልጎደላትም። የተማሪ ደንብ ልብስ የምትሰፋ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሠርግ ቤት የምትዘፍን፣ ሳቋ ሦስት ቤት አልፎ የሚሰማ ሴት ነበረች። አንድ ጠዋት ስፌት መኪናዋ ላይ ቁጭ ብላ መርፌው ውስጥ ክር መክተት አቃታት። ከዚያ ገላዋን መታጠብ አቃታት። ከዚያ መብላት።

ብቻዋን ልትተው የማትችል ሆነች። ጆሮ ሌላ ዘመድ የለው፣ ሥራውን አይተው። ስለዚህ በየቀኑ ይዟት እየመጣ ዘፋኝ በሌለበት ሰዓት የዘፋኙ ክፍል ውስጥ ወንበር ላይ ያስቀምጣታል። ጨለማና ፀጥታ ይሻላታል። ማይኩም እንደ ልማዱ ክፍት ነው። እሱ ወዲህ ሆኖ የተበላሸ ሽቦ እየበየደ በሄድፎኑ ትንፋሿን ይጠብቃል። ሁለት ወር እንዲህ አለፈ። ከዚያ የባሰው ቀን መጣና ሆስፒታል ተኛች፣ መድኃኒት ጀመረች። ከወጣች በሁለተኛው ሳምንት፣ ያችው ወንበር ላይ፣ ከአፏ ዜማ ወጣ። የገዛ ቤቷን በር ስለምታንኳኳ ሴት ነው ዘፈኑ። ከውስጥ ሆኖ «ማን ልበል?» የሚላት የራሷ ድምፅ ነው።

ጆሮ ለአሳታሚው ያሰማው ዘፈኑ አንጀቱን ስለበላው ነው፣ ሌላ ሐሳብ አልነበረውም። ሚጣም እሺ አለች። አሳታሚው ግን ሬዲዮ ላይ ቀረበና «ይህን የዘፈነችው የሐዘኗ ጥልቅ ውስጥ ሆና ነው፣ ሆስፒታል ከመግባቷ በፊት ባለው ቀን ነው» አለ። ዓይን ያወጣ ውሸት! ጆሮ ቀኑን ያውቃል፣ ኮምፒውተሩ ላይ ተጽፏል። ግን ሰው ያን ሲሰማ ይበልጥ አለቀሰ፣ ዘፈኑም ይበልጥ ተሰማ፣ ጆሮም ምላሱን ዋጠ። ይባስ ብሎ አሳታሚው «ከዘፈኑ በፊት ያሉትን ሁለት ቃላት አውጣቸው፣ ስሜቱን ይገድሉታል» ሲለው፣ ትንፋሽ እንኳ የማይነካው ሰውዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆረጠ። ቃላቱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ሚጣ ራሷ ያንን ጊዜ አታስታውሰውም። ሕመሙ ጠራርጎ ወስዶባታል። ስለዚህ ሬዲዮው ያለውን አመነች።

ከዚያ ዳነች። ሳቋ ተመለሰ፣ ስፌቷ ተመለሰ፣ በላች፣ ጉንጯ ሞላ። ሁለተኛው አልበም ሲጀመር ግን አሳታሚው አዳምጦ አዳምጦ «ድምፅሽ ጠግቧል» አላት። እስቲ አሁን ይህ ለሰው ይባላል? «ያኔ የተራበ ድምፅ ነበር። ያንን ጊዜ ፈልጊው» አላት። ሚጣ አንገቷን ሰበር አድርጋ በመስተዋቱ ውስጥ ወንድሟን አየችው። ጆሮ ዝም አለ። ዝም ያለው ፈርቶ አይደለም፤ በልቡ ሰውየው እውነቱን ነው ብሎ ነው።

እንግዲህ ወደዚያች ከሰዓት እንመለስ። ሚጣ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ደርሳለች። አሳታሚው ዓይኑን ጨፍኗል። መዋጥ፣ ከዚያ መሳብ። ጆሮ ማጀቢያ ሙዚቃውን ዘጋው።

ሚጣ ሄድፎኑን አውልቃ በሩን በርግዳ ወጣች።

«ለምን አቆምከው? ጋሼ፣ ለምን? ይሄ ነበር እኮ!»

«መድኃኒቱን መቼ ነው ያቆምሽው?»

ፊቷ ተለዋወጠ። አሳታሚው ቀድሞ «እኔ አቁሚ አላልኳትም!» አለ፤ ማንም ሳይጠይቀው።

«ሚጣ፣ መቼ ነው?»

«ሁለት ሳምንት ሆነኝ» አለች። «ክር ማስቀመጫው ቆርቆሮ ውስጥ ነው ያለው፣ አልጣልኩትም። አልበሙ ሲያልቅ እመለስበታለሁ። ለጥቂት ጊዜ ነው፣ ጋሼ፣ አውቄ ነው የገባሁበት።»

«ተመልሶ የሚወጣበትን መንገድ ታውቂዋለሽ?»

«አንተ ደግሞ አትምከረኝ!» ጮኸች። «ስድስት ወር ደህና ሆኜ ዘፈንኩ፣ ማን ሰማኝ? ጠግቧል ሲለኝ አንተ ምን አልክ? ዝም አልክ! አንተም የምትፈልጋት ያቺን ናት። ያቺን የታመመችዋን። ዛሬ ስጀምር ፊትህን አይቼዋለሁ፣ በርቶ ነበር።»

ጆሮ ሰማይ ተደፋበት። ልክ ናት።

«በርቶ ነበር» አለ። «አልዋሽሽም። አሁን ተቀመጪ፣ አንድ ነገር ላሰማሽ።»

«ጆሮ፣ ጊዜ የለንም፣ ስሜቷ ይወጣል» አለ አሳታሚው።

«ይውጣ!» ብሎ ጆሮ ዘወር ሲል ሰውየው አንድ እርምጃ ሸሸ። ጆሮ ሲቆጣ አይቶት አያውቅም ነበር።

ኮምፒውተሩን ከፈተ። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ሆስፒታል ከመግባቷ በፊት የነበረው ሳምንት። ቀኑን በጣቱ አሳያት። ከዚያ አጫወተው። መዋጥ። መሳብ። ረጅም ፀጥታ። ወንበር ሲንቋቋ። መዋጥ። መሳብ። ወደ ፊት አሳለፈው፤ ያው። ሌላ ቀን ከፈተ፤ ያው። ሚጣ ክንዷን አቅፋ ቆማ ትሰማለች።

«ዘፈኑስ የታለ?» አለች።

«የለም። ስልሳ ሁለት ቀን ቀድቼሻለሁ። አንድ ዜማ፣ አንዲት ማንጎራጎር የለችም። ያቺ ዘፋኝ የሚሏት ሴት ይህቺውልሽ፤ መተንፈስ እንኳ ሥራ ሆኖባታል።»

«በሬዲዮ ግን...»

«ውሸት ነው። አውቄ ዝም ብያለሁ።»

አሳታሚው ከንፈሩን መጠጠ። «ምን ልዩነት አለው? ሰው ወዶታል! ሐዘን ነው ያሳደጋት፣ ሐዘን ባይኖር ማን ያውቃት ነበር?»

«ቃሉን የሰጣት ሐዘኑ ነው፣ አልክድም» አለ ጆሮ። «የዘፈነችው ግን ስትወጣ ነው።» ሌላ ቀን ከፈተ። ከሆስፒታል ከወጣች በኋላ፣ ሁለተኛው ሳምንት። ቀኑን አሁንም በጣቱ አሳያት።

ትንፋሽ። አጭር ነው፣ መዋጥ የለበትም። ወንበር ተንቋቋ። ከዚያ ሻካራ የሆነ፣ ከእንቅልፍ የነቃ የመሰለ የራሷ ድምፅ፦

«ጋሼ፣ ራበኝ።»

የጆሮ ድምፅ ከሩቅ ተሰማ። «ምን አልሽ?»

«ራበኝ አልኩህ እኮ!» ትንሽ ሳቅ አለበት። ከዚያ ወንበር ሲገለበጥ፣ ሰው ሲሮጥ፣ በር ሲከፈት ይሰማል። ዳቦ ሊገዛ እየበረረ የወጣው እሱ ነው። እሷ ዳቦዋን እየጠበቀች፣ ብቻዋን፣ ያን ዘፈን ጀመረች።

ሚጣ እጇን አፏ ላይ ጫነች። እስከ መጨረሻው ሰማችው። ሲያልቅ በሩ ተከፈተና የዚያን ጊዜው ጆሮ እያለከለከ «ትኩስ ነው፣ ትኩስ ነው» አለ።

«ራበኝ ያልኩትን ቆረጥከው» አለች።

«ቆረጥኩት።»

አሳታሚው ቦርሳውን አነሳ። «የዛሬውን ቅጂ ላክልኝ፣ ግማሽም ቢሆን ይሠራል።»

«ግማሹን ለሐኪሟ ነው የማሰማው» አለ ጆሮ። «ላንተ አይደለም።»

«እንግዲያው አልበም የለም!» ሰውየው ወጥቶ በሩን ጓ አድርጎ ሊዘጋው ወረወረው፤ ፍራሽ የተቸነከረበት በር ግን ጓ አይልም፣ ለስለስ ብሎ ተዘጋ። ሌላ ቀን ቢሆን ወንድምና እህት በሳቅ በፈረሱ ነበር።

ሚጣ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እልኋ ወርዶ ትከሻዋም አብሮ ወረደ።

«መልሰው» አለች። «ቃላቱን ቦታቸው መልሳቸው።»

«እመልሳቸዋለሁ፣ እህትዓለም። ቃሌ ነው።»

«ጋሼ።»

«ወዬ።»

«አሁን እኮ አይርበኝም» አለች፣ ድምፅዋ በጭንቅ እየተሰማ። «ከሰኞ ጀምሮ አይርበኝም። ፈርቻለሁ።»

ጆሮ የግማሹን ዘፈን ቅጂ በትንሽ ፍላሽ ገልብጦ ኪሱ ከተተ፣ ሹራቧን አነሳላት፣ ክርኗን ያዘ። ሲወጡ ጎማ ጠጋኙ ሞተሩን አስነሳው፤ ጆሮ በዚያ ሁሉ ጩኸት ውስጥ ጎንበስ ብሎ ትንፋሿን እያዳመጠ ወደ ሆስፒታሉ መንገድ ይዟት ሄደ።