ገምጋሚ ቁጥር አራት

ሂልኬ ፖስትማ የወሲብ ፊልም የምትገመግመው ዳቦና አይብ እየበላች ነው። እየቀለድኩ አይደለም። ምሳዋን ከቤቷ በፕላስቲክ ዕቃ ይዛ ትመጣለች፣ እኩለ ቀን ሲሆን ስክሪኑን እንኳ ሳታጠፋ ትበላለች፣ ፍርፋሪውን በመዳፏ ጠርጋ ቅርጫት ውስጥ ትጥላለች። አልሜር ከተማ፣ ከብስክሌት ጠጋኙ በላይ ባለችው ቢሯችን ስድስት ሰዎች ነን። ድረ ገጹ የአዋቂዎች ነው። ፊልሙን የሚልኩልን ራሳቸውን በየቤታቸው የሚቀርጹ ሰዎች ናቸው፤ ሂልኬ ታያለች፣ ደረጃ ትሰጣለች፤ እኔ ያሳለፈችውን አስተካክዬ እለጥፋለሁ። ዘጠኝ ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠናል። ከሚስቴ ጋር ይህን ያህል አልተቀመጥኩም።

ስልሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ከዚህ በፊት ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በአበባ ጨረታ ቤት የጥራት መርማሪ ነበረች። ቀዝቃዛ አዳራሽ ውስጥ ቆማ ጽጌረዳ ስታገላብጥ ወገቧ ተበላሸ፤ ከዚያ አበባ የሚመረምር ካሜራ መጣና ሥራውን ወሰደባት። አለቃችን ሩትገር ሲቀጥራት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቃት ይባላል።

«ታፍሪያለሽ?»

«አበባም እኮ የመራቢያ አካል ነው» አለችው። በዚያው ተቀጠረች።

ከአበባው የለመደችውን እዚህም ይዛው መጣች። ጀማሪ ገምጋሚ ገላ ያያል። እሷ የምታየው ዙሪያውን ነው፤ መብራቱን፣ ድምፁን፣ አንሶላውን፣ ግድግዳውን። «አበባውን ማንም ያያል፤ እኔ የማየው ግንዱ የተቆረጠበትን ነው» ትላለች። የመጀመሪያዋን አንድ ደቂቃ፣ ገና ሰው ልብሱን ሳያወልቅ ካየች፣ ደረጃው ታውቋል ማለት ነው። ሀ፣ ለ ወይም ውድቅ። አስተያየቷን እኛ እየተቀባበልን እንስቅበታለን። «አውቶቡስ የሚጠብቁ ይመስላሉ፤ ለ።» «ሰውየው ሰዓቱን ሁለቴ አየ፤ ውድቅ።» ማስመሰል አያልፍባትም፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፣ የሚያስመስል ግን ድምፁ ያሳብቅበታል። ሴትዮዋ ካሜራ የያዘውን ሰው በፍርሃት ፊት ፊቱን የምታይ ከመሰላት ደግሞ ደረጃ የሚባል ነገር የለም፤ አቁማ ወደ ማጣሪያ ክፍል ትልከዋለች፣ ሩትገር ቢጮህም አትሰማውም።

ደክሟታል። በግልጽ ልናገረው፣ ምክንያቱም እኔም ደክሞኛል። ሰው ቀኑን ሙሉ እንዲህ ያለ ነገር ሲያይ የሚውል ወይ ይባልጋል ወይ ያብዳል ብሎ ያስባል። ሁለቱም አይደለም፤ ይሰለቻል። በቀን ሰማንያ መኝታ ቤት፣ ሰማንያ ትራስ፣ ሰማንያ ዓይነት መጋረጃ። ሰው ቤት እንግዳ ሆኜ ስገባ እንኳ መጀመሪያ የማየው ብርሃኑ በየት በኩል እንደሚገባ ነው። ባለቤቶቹ ቤታቸውን የወደድኩላቸው ይመስላቸዋል።

ልጅ አለቻት። ሪክስት ትባላለች፤ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ዝቮለ ነው የምትኖረው፣ በባቡር አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። ከስድስት ዓመት በፊት በሪክስት ልደት ቀን፣ ዘመድ ሁሉ እንደ ልማዱ ወንበሩን ክብ አድርጎ፣ ኬኩን ጉልበቱ ላይ ይዞ ሳለ፣ ልጅቱ እናቷን ወጥ ቤት ጠራቻትና «እማ፣ ጎረቤቶቼ ከጠየቁሽ አሁንም አበባ ቤት ነኝ በያቸው» አለቻት። ሂልኬ ኮቷን አንስታ ወጣች። ከዚያ ወዲህ አልሄደችም። «ያፈረችው እሷ ናት፤ እሷ ትጥራኝ» ትላለች። ልጅቱም አልጠራቻትም። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእነዚህ ዝምታ ግን ነቀዘ።

ባለፈው ፌብሩዋሪ፣ አንድ ማክሰኞ ከምሳ በኋላ፣ ሂልኬ ፊልም አቆመች። ማቆሟ ብርቅ አይደለም። ግን ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋችው።

«ና እስቲ» አለችኝ። «ይቺን አንብብልኝ፤ መነጽሬ አልሆን አለኝ።»

መነጽሯ ደህና ነበር። ስክሪኑ ላይ ባዶ አልጋ ይታያል፤ ሰው ገና አልገባበትም። ከአልጋው ወዲያ የመኝታ ቤቱ በር ክፍት ነው፤ ከኮሪደሩ ማዶ ደግሞ የመጸዳጃ ቤቱ በር ክፍት ነው። እዚያ፣ እንደ ሁላችንም ቤት፣ ግድግዳው ላይ የልደት ቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል፤ ተቀምጠህ የማንን ልደት እንደረሳህ የምታይበት። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያየው ያደገ ሰው አያስተውለውም። ፊቱን በጭንብል ሸፍኖ ራሱን የሚቀርጽ ሰው የአክስቱን ስም ለዓለም ያስነብባል። ሂልኬ በእሱ ብቻ በዓመት አሥር ፊልም ትመልሳለች።

አጉልቼ አነበብኩላት። «ፌብሩዋሪ አሥራ ዘጠኝ፣ እማ። ሃያ ሁለት፣ አክስቴ ፎክያ። ሃያ ሰባት፣ አባ፤ ከጎኑ ትንሽ መስቀል አለ።»

የሂልኬ ልደት ፌብሩዋሪ አሥራ ዘጠኝ ነው፤ እኛ ዘንድ ኬክ የሚያመጣው ባለ ልደቱ ስለሆነ ያን ቀን ለቢሮው የምታመጣው እሷ ናት። እህቷ ፎክያ ትባላለች። ባሏ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። ደግሞም የልጅን እጅ ጽሑፍ ማን ይስታል?

«እንዳታጫውተው» አለችኝ።

«አላጫውተውም።»

ዘጋሁት። ከዚያ በላይ እሷም አላየችም፣ እኔም አላየሁም።

ሕጋችን እንዲህ ነው። ገምጋሚ የላኪውን ስም አያውቅም፤ መታወቂያውንና ፈቃዱን የሚያጣራው ሌላ ክፍል ነው፣ ለእኛ የሚደርሰን ቁጥር ብቻ ነው። የዘመዱ ፊልም የደረሰው ገምጋሚ ለአለቃው መናገር አለበት። ሂልኬ ብትናገር ሩትገር ያውቃል፤ ሩትገር ካወቀ ደግሞ ሲጋራ የሚያጨሱበት በረንዳ በሙሉ ያውቃል። ዝም ብላ ካሳለፈችው ፊልሙ ዓርብ ከነስሞቹ ይወጣል። (እዚህ ስሞቹን ሁሉ ለውጫለሁ።)

ይህን እያሰብን ሳለ ሩትገር ራሱ ቡናውን ይዞ መጣ።

«ያቺን አዲስ ላኪ አየሻት? መግቢያውን አየሁት፤ እውነተኛ ቤት፣ የቀን ብርሃን! ሰው አሁን የሚፈልገው ይህን ነው። ሀ ስጪያት።»

«ውድቅ ነው።»

«ምን ሆኖ?»

«ስም ይነበባል።»

«ይደብዘዛ! ይሄ ሰውዬ ምን ይሠራል ታዲያ?» ብሎ በአገጩ ወደ እኔ አመለከተ።

«መጀመሪያ እሷ ትጠየቅ።»

«ፈርማለች እኮ ሂልኬ። ትልቅ ሰው ናት።»

«የፈረመችው ለገላዋ ነው። ለአክስቷ አልፈረመችም።»

ሩትገር ሳቀ። «እሺ፣ ጠይቂያት። እስከ ነገ ነው ታዲያ» ብሎ ሄደ።

ለላኪ የምንጽፍበት ቅጽ አለ፤ አምስት መስመር ብቻ ይይዛል። ሂልኬ አንድ ሰዓት ፈጀባት። ትጽፋለች፣ ታጠፋለች። አንድ ጊዜ የልጅቱን ስም ጻፈችው፤ አይቼዋለሁ፤ ፊደል በፊደል አጠፋችው። በመጨረሻ የላከችው ይህን ነው፦ «የመጸዳጃ ቤቱ በር ክፍት ስለሆነ ቀን መቁጠሪያው ላይ ያሉት ሦስት ስሞች ይነበባሉ። ቤተሰብዎ ቢያየው ቤትዎን ያውቀዋል። ፊልሙን ልመልስልዎ? ገምጋሚ ቁጥር አራት።»

ልጇን «እርስዎ» አለቻት።

«እንዴት ተናድጄባታለሁ መሰለህ» አለችኝ። «ይህንኑ ሥራ ነውር ብላ እኔን ከቤቷ አስወጥታ፣ አሁን ራሷ!» ከዚያ «ብርድ ልብሱ ግን ጥሩ ነበር፤ ሙቀት ያለው» አለች።

በማግስቱ ጠዋት መልሱ መጥቶ ነበር። መነጽሯ አሁንም አልሆን አላት፤ እኔው አነበብኩላት።

«ስላሰቡልኝ አመሰግናለሁ፤ ግን አይጨነቁ። አባቴ ሞቷል። አክስቴ ኮምፒውተር አትነካም። እናቴ ደግሞ ቤቴን አይታው አታውቅም፤ ብታየውም የእኔ መሆኑን አታውቀውም። ይለፍ።»

ሂልኬ ስክሪኑን አየች። ከታች ብስክሌት ጠጋኙ ጎማ ሲነፋ ይሰማል።

«መጋረጃውን አላወቅኩትም ነበር» አለች። «በመጋረጃው አይደለም ያወቅኳት፤ ቤት ቀይራለች ማለት ነው። ልጄ ቤት ስትቀይር ዕቃ አላሸከመችኝም። እኔ ደግሞ ስድስት ዓመት ሙሉ ማን ይጥራኝ እያልኩ እዚህ ተቀምጬ የሰው መኝታ ቤት እቆጥራለሁ።»

አለቀሰች። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ስታለቅስ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው፤ የማደርገው ጠፍቶኝ የእጅ መጥረጊያ ወረቀት ሰጠኋት።

«ላስቀረው?» አልኳት። «ጠፋ እላለሁ፤ ፋይል ይጠፋል እኮ።»

«አይሆንም። ጠየቅናት፣ መለሰች። ሥራ ለሠሪው ነው። ስሞቹን ሸፍናቸውና አሳልፈው።»

«ደረጃውስ?»

«አንተ ስጥ። ሳታይ ስጥ ደግሞ፤ ካየህ እገልሃለሁ።»

በረንዳ ወጥታ አንድ ስልክ ደውላ ተመለሰችና ኮቷን ለበሰች። ገና ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነበር።

«ወዴት ነው?»

«ዝቮለ።»

«ደውለሽላታል?» አልኳት። እኛ ዘንድ ሳይደወል ሰው ቤት አይኬድም፤ እናትም ብትሆን ሦስት ሳምንት ቀድማ ቀን ትይዛለች። ሂልኬ ደግሞ በዚህ ነገር ከሁላችን የባሰች ናት።

«ለእሷ አልደወልኩም። አድራሻውን ከፎክያ ተቀበልኩ። እሷማ ስታውቀው ኖራለች፤ ጠይቄያት አላውቅም እንጂ።»

«በሩን ስትከፍትልሽ ምን ትያታለሽ? በምን አወቅሽ ብትልሽስ?»

የኮቷን ቁልፍ እስከ አንገቷ ድረስ ቆለፈች፤ ቸኩላ አንዱን ዘልላዋለች።

«ቤትሽን ሳላየው እንዳልሞት ብዬ ነው እላታለሁ» አለች። «ካስገባችኝ።»

ወገቧን ይዛ ደረጃውን ቀስ እያለች ወረደች።