ግድግዳ የወጣው የእናቴ እጅ

ጎንደር ከተማ ቤቴ ውስጥ ተቀምጬ፣ ጎረቤት ምንጣፉን በዱላ ሲያራግፍ በሰማሁ ቁጥር፣ የቆላው ጥቅምት ከነሙቀቱ ይመለስብኛል፤ ጧ፣ ጧ፣ ጧ። የደረቀ የሰሊጥ ነዶ ተዘቅዝቆ ሲመታ እንዲህ ነበር የሚጮኸው። እኔ ግን ከሰሊጡ በፊት ትዝ የሚለኝ የእናቴ ቀኝ እጅ ነው፤ ሳላስበውም ጉንጬን እሸፍናለሁ።

እናቴ ጥሩዬ፣ ከመተማ ዮሐንስ ወጣ ብሎ ባለው ሰፈራችን በእጇ የታወቀች ሴት ነበረች። ማሽላ የገባ ዝንጀሮ በድንጋይ ትፈነክት ነበር፣ ደጃችን ላይ ሰክሮ የሚንጎራደድን ሰው በጥፊ አጋድማ «ሂድና ለሚስትህ ተንጎራደድ» ትል ነበር፣ እኔን ደግሞ ውሃ ብደፋ፣ ብዘገይ፣ ቃል ብመልስ፣ ከየት መጣ ሳልለው ጆሮ ግንዴን ታጮኸው ነበር። አባቴ ድምፁ የማይሰማ ሰው ስለነበር፣ «ተይ እንጅ አንች ሴት» ብሎ ወደ ማሳው ይሄዳል። ሰዉ «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» እያለ ያማው ነበር፤ እናቴ ግን አስጣይ የምትፈልግ ሴት አልነበረችም። ያንን እጅ እጠላው ነበር። ይህን ሳልሸፋፍን መናገር አለብኝ።

አሥራ ሁለት ዓመት በሞላኝ ዓመት ቀኝ ጡቷ ላይ እብጠት ወጣ፤ ሰኔ ላይ ጎንደር ሆስፒታል ወስደናት ጡቷ ተቆርጦ ወጣ። ከሆስፒታል በምትወጣበት ዕለት፣ አባቴ መድኃኒት ሊገዛ ሄዶ፣ እናቴም እንቅልፍ ወስዷት ሳለ፣ ነርሷ ወደ ግድግዳው ወስዳኝ ጣቶቿን እንደ ጉንዳን ወደ ላይ እያስኬደች አሳየችኝ። «ቁስሉ ሲጠግግ እንዲህ እያደረገች ክንዷን ታንሳ፣ በቀን ሦስት ጊዜ። ብትሰድብሽም ብታለቅስም እንዳትተያት፤ አለዚያ ክንዷ እንደተያዘ ይቀራል» አለችኝ።

ሐምሌ ገብቶ መንገዱ ጥቁር ጭቃ ሆኖ ስለነበር፣ ከአስፋልቱ እስከ ሰፈራችን የገባነው በትራክተር ተሳቢ ላይ ነው። ተሳቢው በዘለለ ቁጥር እናቴ ሹፌሩን፣ ጭቃውንና የተወለደችበትን ቀን እየረገመች ትጮህ ነበር፤ እኔ ደግሞ ከቁስሏ በቀጭን ቱቦ የሚወርደው ደም የሚጠራቀምባትን ፕላስቲክ ጠርሙስ በሁለት እጄ አቅፌ እንዳትነቀል እታገል ነበር። ቤት ከገባን በኋላ ቁስሏን ከእኔ በቀር ለማንም አላሳይም አለች። ጠርሙሷን እደፋ ነበር፣ ልብሷን አወልቅላት ነበር፣ ላቡ ቁስሏን ሲያቃጥላት ደግሞ በግራ እጇ ያገኘችውን ሁሉ ትወረውርብኝ ነበር፤ ኩባያ፣ ጫማ፣ አንድ ቀን መጥረጊያ። ደግነቱ ግራዋ ዒላማ አያውቅም።

ሐምሌ ሳያልቅ ጤና ጣቢያ ሄደን ቱቦው ወጣላት፣ ቁስሉም ጠገገና የግድግዳው ሥራ ተጀመረ። እኔም ዋሸኋት። «በቀን አንዴ ነው ያለችው፤ ካመመሽም ተይው ብላለች» አልኳት። ጣቶቿ ከትከሻዋ ሳያልፉ ሲቆሙ በከሰል አሰመርኩበት፣ ያ መስመር ነሐሴን ሙሉ ንቅንቅ አላለም። እሷም «ለካ አንጀት አለሽ አንች ልጅ» እያለች ትመርቀኝ ነበር። እኔ ደግሞ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ክረምቱን ጥፊ ሳልቀምስ ከረምኩ፣ ደስም ብሎኝ ነበር።

መስከረም ሲጠባ ሳሉግ የምንላቸው የቀን ሠራተኞች ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ ወረዱ፣ አባቴም ማሳ ላይ መዋልና ማደር ጀመረ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ የጎረቤታችን የደምለው ጥጃ ማሽላችን ውስጥ ገብቶ አገኘሁት፣ እኔም የእናቴ ልጅ ነኝና ድንጋይ አንስቼ ወረወርኩ። የፊት እግሩ ቀጭ ብሎ ሲሰበር ሰማሁት። ደምለው ሽመሉን ይዞ፣ «የእሷንም እግር ካልሰበርኩ!» እያለ እስከ ደጃችን አባረረኝ። እናቴ ከቤት ወጥታ መካከላችን ገባች፣ «ደምለው፣ ልጀን አትንካ!» ብላም ቀኝ እጇን ወደ ላይ ሰነዘረች። እጇ ትከሻዋ ጋ ሲደርስ ቆመ። ልክ የከሰሉ መስመር ያለበት ቁመት ላይ ቆመ። ሽመሉም ግንባሯ ላይ አረፈ።

ደም ዓይኗን ሞላው። ደምለው ሽመሉን ጥሎ፣ «ጥሩየ! እጅሽን አንስተሽ ትመክችዋለሽ ብየ እኮ ነው!» እያለ ራሱን ይመታ ጀመር። እናቴ እጇን ነበር የምታየው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «መታሽ እንዴ?» አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሽማግሌ ገብቶ አስታረቀን። በማግስቱ ጠዋት ግን እጇን ይዤ ወደ ግድግዳው ጎተትኳት፣ «ከዛሬ ጀምሮ በቀን ሦስት ጊዜ ነው» አልኳት። ቤታችን የጦር ሜዳ ሆነ። እሷ «እሳት ይብላሽ! ጠላቴ!» እያለች ትጮህ ነበር፣ እኔ እያለቀስኩ ክርኗን ከሥር ወደ ላይ እገፋ ነበር፤ አንድ ቀን ትከሻዬን ነክሳኝ ደም በደም ሆኜ አልለቀቅኋትም፣ ጠባሳው ዛሬም አለ። ውጭ ሳሉጎቹ ሰሊጡን ጧ ጧ እያደረጉ ሲመቱ፣ ውስጥ የእሷ ጩኸት ይቀበላል፤ አንዱ ጎጃሜ «ይች ልጅ እናቷን ልትገድል ነው!» ብሎ በሩን ሊሰብር ምንም አልቀረውም ነበር። መስመሩ ግን ጣት በጣት ወጣ። ኅዳር ላይ ከጭንቅላቷ አለፈ።

ታኅሣሥ፣ ማሽላው በሚቆረጥበት ሰሞን፣ አንድ ጠዋት ጣቶቿ ከጣሪያው ሥር ያለውን አግዳሚ እንጨት ነኩ። እየሳቀች እያለቀሰች፣ እጇን ከእንጨቱ ሳታወርድ፣ «ተባረኪ ልጀ፣ አንች ባትኖሪ ሰንካላ ሆኘ እቀር ነበር» አለችኝ። ምርቃቱን መሸከም አቃተኝ።

«እማየ፣ ነርሷ መጀመሪያውኑም ሦስት ጊዜ ነው ያለችው። እጅሽ ከተነሳ ትመችኛለሽ ብየ ደበቅሁሽ።»

ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። ከዚያ ያ እጅ ከዚያ ከፍታው ወርዶ ጉንጬ ላይ አረፈ፤ ጧ! ጆሮዬ ጮኸ። እሷ እጇን እያገላበጠች ታየዋለች፤ እኔ ጉንጬን ይዤ፣ «ተነሳ እኮ! ሙሉ ለሙሉ ተነሳ!» አልኳት። አባቴ ማጭዱን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ «ተይ» ሳይል ተቀምጦ አለቀሰ።

እናቴ ግን ሳቋ ጠፋ። «እንዳልመታሽ ብለሽ?» ብላ ደጋግማ ጠየቀችኝ፣ ልክ ያልገባት ነገር እንዳለ ሁሉ፤ ከዚያ ጡት በሌለው ጎኗ አስጠግታ አቀፈችኝ። ያ የመጨረሻው ጥፊ ነበር።

ዛሬ እናቴ ለምርመራ ስትመጣ እኔ ዘንድ ታርፋለች። በቆላው ቤታችን እጇ ሲነሳ የምሸሸው እኔ ነበርኩ፤ እዚህ ግን እጇን ያነሳች እንደሆነ ትንሿ ልጄ ሮጣ ከሥሩ ትገባለች፣ ለመታቀፍ መሆኑን ታውቃለችና። እኔ ከወዲያ ሆኜ አሁንም ጉንጬን እሸፍናለሁ። እናቴ ታየኛለች፤ ያን ሁሉ ጩኸት ጮኻ ያነሳችውን እጅ ቀስ ብላ ታወርደዋለች።